ከዳንኤል ሳጥን የመጣው መልስ

በሌላ ሰው ስም ብዙ ጽፌያለሁ። ለሙሽራ፣ ለተመራቂ፣ ምራቱን ማመስገን ለከበዳት አማት፣ ቃል ላጠረው ሁሉ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እስከ ዛሬ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግን አምስት ቃል ነው። በስሙ የጻፍኩበትን ሰው በአካል አይቼው አላውቅም። አምስቱን ቃል ስጽፍ ደግሞ ሰውየው ከሞተ ሦስት ቀን አልፎት ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር አፓርታማ ተጋርቼ እኖራለሁ። ዳላስ በመጣሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ ለቅቄያለሁ፤ ሌዊስቪል ያለ መጋዘን፣ ኤርፖርት አጠገብ ያለ ፓርኪንግ፣ ከዚያ ደግሞ ምግብ ማድረስ። ከማንም ተጣልቼ አልነበረም፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። መጋዘኑ ውስጥ በካርቶን ክዳን ላይ እየጻፍኩ ነው የለመድኩት። ሰው ሰማና ለሠርግና ለምርቃት ያጽፈኝ ጀመር። “የናሆም ግጥም ያስለቅሳል” ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ ደስታ ይመስለኛል።

አራተኛው ሥራዬ ዳላስ አጠገብ ያለችው ካሮልተን ከተማ ውስጥ ነበር። ከአንድ የኮሪያ ዳቦ ቤት ጀርባ ያለች ሁለት ክፍል ቢሮ ናት። ባለቤቷ ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ አይልም። ሥራችን አነስተኛ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን ለአውሮፓ ሆስፒታሎችና ማዘጋጃ ቤቶች እንዲሸጡ ጨረታ ማዘጋጀት ነው። እዚያ የመንግሥት ጨረታ በወረቀት አይገባም፤ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር ነው የሚጽፈው። የፖርቱጋሉ ከፊንላንዱ ጋር እንዲግባባ አገሮቹ ተቀምጠው አንድ የጋራ ደንብ አውጥተዋል። አንድ ፍሬ ዕቃ የራሱ ኮድ አለው፣ ደርዘን የራሱ፣ አገርም ቋንቋም ክብደትም እንዲሁ። እኔ የፋብሪካዎቹን ዝርዝር ወደዚያ ኮድ እገለብጣለሁ። መጀመሪያ ናቅኩት። ቆይቶ ግን ወደድኩት፤ አንድ ነገር ሁለት ትርጉም የማይኖረው ቋንቋ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር።

ከደንቡ ውስጥ በተለይ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። መልእክት ስትልክ የተቀባዩ የመልእክት ሳጥን በሰከንዶች ውስጥ “ደርሷል” ብሎ መመለስ አለበት። ይህን የሚመልሰው ማሽኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ “ተቀብያለሁ” ወይም “አልተቀበልኩም” ይላል። በሁለቱ መሃል ስላለው ባዶ ቦታ ያኔ አስቤ አላውቅም።

አብራኝ የምትሠራው ትዕግሥት ነበረች፤ ሁላችንም ቲጂ ነው የምንላት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሌዊስቪል ትኖራለች፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፣ ባሏ ጌቱ ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና ይነዳል። ጠዋት ስገባ “ባለቅኔው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስለቅስ ነው?” ሳትለኝ ኮምፒውተሯን አትከፍትም።

ወንድሟ ዳንኤል ቤልጂግ አገር፣ አንትወርፐን ነበር። በአውሮፓ በኩል የቢሮው ሕጋዊ ተወካይ እሱ ነው። የምናዘጋጀው ሁሉ መጀመሪያ ወደ እሱ ሳጥን ይሄዳል፣ እሱ “ተቀብያለሁ” ሲል በስሙ ወደ ገዢው ያልፋል። እህትና ወንድም ግን ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። ጸቡን አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገረችኝ። እናታቸው አዲስ አበባ ስትሞት ቲጂ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ዳንኤል ለሁሉም ሰው እንዳይነግሯት ከለከለ። መርዶውን የሰማችው ከወለደች በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ “እማማ ስልኳ ተበላሽቶ ነው” እየተባለች ቆየች፤ እሷም ለሞተች እናቷ የልጇን ፎቶ ስትልክ ነበር። ስታውቅ ለዳንኤል ደወለችና “ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም” አለችው። ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በሥራው መልእክት ብቻ ነው፤ ኮድና ቁጥር።

“አንተ ግን ናሆሜ” አለችኝ ያን ቀን፣ “አንድ ነገር ብትሰማ እንዳትደብቀኝ።”

“ኦኬ” አልኳት። እንዲሁ በቀላሉ።

ነገሩ የሆነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሌዊስቪል ያለ ፋብሪካ ታማሚን ከአልጋ ለማንሳት የሚያገለግል የጨርቅ ማንሻ ይሠራል፤ ቤልጂግ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ደግሞ ብዙ ይፈልግ ነበር። ሰኞ ዕለት ከሆስፒታሉ ጥያቄ መጣ፤ የጻፋችሁት ክብደት አንዱ ማንሻ የሚችለው ነው ወይስ ጥንዱ? መልሱ በተወካዩ በኩል እስከ ዓርብ በዳላስ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት መግባት ነበረበት። ቲጂ ሰኞ ከሰዓት መልሱን አዘጋጅታ ወደ ዳንኤል ሳጥን ላከች። እዚያ ቅጽ ላይ “ማስታወሻ” የሚባል ነፃ ቦታ አለ፣ ማንም አይሞላውም። የላክነውን መዝገብ ስፈትሽ ያን ቀን ሞልታው አየሁ።

“ዳኒ፣ ያኔ ያልኩህን ተወው። ደውልልኝ።”

ከስሩ “ደርሷል” ይላል። በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል፣ እነሱ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።

ማክሰኞ መልስ የለም። ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ወደ መኪና ማቆሚያው ጠሩኝ። ቁልፋቸውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ፤ የዳቦው ሽታ እስከዚያ ድረስ ይመጣል።

“ዳንኤል አርፏል” አሉኝ። “ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ ከእንቅልፉ ሳይነሳ። ባለቤቱ ናት የደወለችልኝ።”

እሳቸው ቀጠሉ። ጌቱ ጭነት ይዞ አሪዞና ነው፣ ዓርብ ማታ ይገባል፣ ቅዳሜ በጠዋት ከፓስተሯ ጋር ሆነን እናረዳታለን፤ እስከዚያ በቢሮው የምናውቀው እኔና አንተ ብቻ ነን አሉ።

የእናቷን ነገር አነሳሁባቸው። ይህን አትወድም፣ ለእኔም ነግራኛለች አልኩ።

“አውቃለሁ ልጄ” አሉ። “ሶ ምን ይሁን? አሁን እንንገራትና ብቻዋን ሠላሳ አምስት አውራ ጎዳና ላይ እያለቀሰች ትንዳ? ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ዝም ማለት ያቅትሃል?”

ዝም ማለት ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሐሙስን ግን እንኳን ለእኔ ለጠላቴም አልመኘውም። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። ቲጂ በየሰዓቱ ሳጥኑን ትከፍታለች። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አለች። ከምሳ በኋላ ሰበብ መፈለጓን ተወች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረችና እንዲህ አለችኝ፦

“ይኸው ደርሷል ይላል። ደርሶት፣ አይቶት፣ ዝም ብሎኛል። እልኸኛ ነው እኮ። ልጅ ሆነን አንድ ጊዜ እርሳሱን ሰበርኩበት ብሎ አንድ ወር አላናገረኝም።”

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ተመልሳ አንድ ነገር ጽፋ ላከች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። እኔ ሟችን እየተቀየመች ያለችን ሴት ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ እያየሁ፣ የኮድ ሰንጠረዥ አነብ ነበር።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ሰይድ ወደ ክፍላቸው ጠርተው በሩን ዘጉ። ሳጥኑ የቢሮው ስለሆነ የይለፍ ቃሉ እሳቸው ጋ አለ። ላፕቶፓቸውን ወደ እኔ ገፉት።

“ቲጂ ለዳንኤል ባለቤት ልደውል ነው እያለች ነው። ከደወለች አለቀ፤ ለቅሶ ቤት ነው የምትደውለው። በሱ ሳጥን ግባና የሆስፒታሉን መልስ አሳልፈው። ተቀብያለሁ ብቻ በል። ሰኞ እኔ ራሴ ለሆስፒታሉ እውነቱን እጽፋለሁ። ናሆም፣ ሌላ ነገር እንዳትነካ።”

ይህን ብለው እሷን በወሬ ሊይዟት ወጡ።

የዳንኤልን ሳጥን ከፈትኩ። አራት መልእክት ተደርድሯል፣ ሁሉም የእሷ። የማክሰኞውና የረቡዑ ስለ ጨረታው ነው። የሐሙሱ ማስታወሻ ላይ “ዝምታህ ገብቶኛል። ይበቃል፣ ከእንግዲህ አልለምንህም” ይላል። ከሁሉም በላይ የሰኞው አለ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምጿ ይሰማኛል። ለጋሽ ሰይድ “አይ፣ አሁንስ መደወሌ ነው” ትላቸዋለች።

“ተቀብያለሁ” የሚለውን መረጥኩ። እጄ እዚያ ላይ መቆም ነበረበት። ነገር ግን ከታች ያ ባዶ ቦታ አለ። እኔ ደግሞ ቃል ላጠረው ቃል ያገኝለታል የሚባልልኝ ሰው ነኝ። እንደዚያ ያሉ ነገሮች የሚያጓጉኝ ሰው ነበርኩ። አንድ ሰከንድ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ፤ አስቤ፣ ቃል መርጬ፣ አንዱን አጥፍቼ በሌላ ተክቼ ነው የጻፍኩት።

“ደህና ነኝ ቲጂዬ። ድሮም አልተቀየምኩሽም።”

ላክኩት። ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።

ከግድግዳው ወዲያ ወሬው ተቋረጠ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ስወጣ ቲጂ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። “መለሰልኝ” አለች። ጋሽ ሰይድ ስክሪኑን አነበቡ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይናቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር።

እሷ ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከዚያ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዳ ቀይ ባቄላ ያለበትን ዳቦ ሙሉ ካርቶን ገዝታ መጣች፤ ለእኛም፣ ደብዳቤ ለሚያመጣው ሰውዬም አደለች። “ብላ እንጂ ባለቅኔው፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል” አለችኝ። በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ቅዳሜ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሌዊስቪል ቤቷ በር ላይ ደረስን። ፓስተሩ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ሰይድ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ እኔ ከኋላ። ጌቱ ነው ከውስጥ የከፈተልን፤ ዓይኑ አብጦ ነበር። ቲጂ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች ከደረጃው ወረደች። እንደዚያ ሰብሰብ ብሎ በጠዋት የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ ከእኛ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደረጃው ላይ ቆመች።

“ማነው?” አለች። ማንም ሳይመልስላት ከሁሉም መሃል እኔን መርጣ “ናሆሜ፣ ማነው?” አለችኝ።

አቀረቀርኩ። ፓስተሩ ናቸው የነገሯት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። እንደተሳሳተ ሰው አየቻቸው።

“ዳኒ? አይ፣ ዳኒ አይደለም። ዳኒ ትናንት ጽፎልኛል።” ስልኳን ልታመጣ ዞረች፣ ከዚያ ተመለሰች። “ናሆም፣ ንገራቸው እንጂ። አንተ እያለህ አይደል? ንገራቸው።”

በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አልነገርኳቸውም። ጌቱ መጥቶ ያዛት፤ ያኔ ነው ጩኸቱ የመጣው።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ፎቶውን ታሳያለች። “ዓርብ ነው የሞተው” ትላለች። ባለቤቱ ከአንትወርፐን ደውላ ማክሰኞ ነው ስትላት “ደሞ ልትዋሹኝ ነው? እንደ እማማ?” ብላ ዘጋችባት። ሽማግሌዎቹ በሐዘን ብዛት ነው ብለው ይተዋታል። እኔ ጋራዡ ውስጥ ወንበር እደረድራለሁ፤ የተደረደረውን አፍርሼ እንደገና እደረድራለሁ። ጋሽ ሰይድ አንድ ጊዜ አጠገቤ መጥተው “እኔ ልንገራት?” አሉኝ። “እኔ ነኝ ያዘዝኩህ።”

“እርስዎ ያዘዙኝ አንድ ቃል ነው” አልኳቸው። “ሌላውን እኔ ነኝ የጻፍኩት።”

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው አቅም ያገኘሁት። ለራሷ ውሃ ልትቀዳ ወደ ጋራዡ ፍሪጅ መጣች፤ ብቻችንን ነበርን። ሁሉንም ነገርኳት፤ ረቡዕ መስማቴን፣ የይለፍ ቃሉን፣ አምስቱን ቃል። አላቋረጠችኝም። የውሃውን ጠርሙስ ይዛ ፍሪጁን ክፍት እንደተወችው ትሰማኛለች። ስጨርስ ፍሪጁን ዘጋችው።

“ዳኒ ቲጂዬ ብሎኝ አያውቅም” አለች። “ሚጣ ነው የሚለኝ። ዓርብ ሳነበው ‘ይቅር ብሎኛል፣ ግን ገና ከልቡ አልሆነም’ ብዬ ነበር። ሲደውል ሚጣ ይለኛል ብዬ ነበር።”

ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳች።

“የኔ የሰኞው መቼ ነው የደረሰው?”

“እነሱ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል።”

“እና ንጋት ላይ ነው የሞተው።” በጣቷ ስትቆጥር አየሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት፣ አምስት። “አንብቦታል?”

“አላውቅም ቲጂ። ደርሷል ብቻ ነው የሚለው።”

“ያን ያህል ኮድ አለን ትላለህ። ለካርቶኑ አለው፣ ለጆንያው አለው። ሰው ላነበበው የለውም?”

“የለውም” አልኳት።

ማታውኑ ለዳንኤል ባለቤት ደወለች። ሰኞ ማታ ከመተኛቱ በፊት ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ክፍት እንደነበር ታስታውሳለች። ምን ላይ ተከፍቶ እንደነበር ግን አላየችም።

ጋሽ ሰይድ እንዳሉት ሰኞ ለሆስፒታሉ እውነቱን ጻፉ። ጨረታው ተሰረዘ፣ የማንሻው ፋብሪካም ከእኛ ጋር መሥራቱን ተወ፤ እሳቸው ስለዚህ አንድ ቀንም አላነሱብኝም። ቲጂ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ስትመለስ ጥቁር ለብሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና “ያንተን አጥፋልኝ” አለችኝ። እንደማይጠፋ አስረዳኋት። ደንቡ የተላከ መልእክት መሰረዝ አይፈቅድም። ከጎኑ ማረሚያ መላክ ብቻ ነው የሚቻለው፤ ማረሚያው የትኛውን እንደሚያርም ይጠቅሳል፣ የማረሚያው ምክንያት ደግሞ ከዝርዝር ይመረጣል፣ ሁለቱም አብረው ለዓመታት ይቀመጣሉ። ዝርዝሩን አብረን አየነው። የብዛት ስህተት፣ የቀን ስህተት፣ የአድራሻ ስህተት። “ሌላ” የሚለውን መረጥን። ማስታወሻው ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳት። አንድ ቃል ከራሴ መጨመር ፈርቼ ነበር። እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ።

“ይህን ወንድሜ አልጻፈውም። ሚጣ።”

ወደ ዳንኤል ሳጥን ላክነው። ሁለት ሰከንድ ያህል ጠበቅን። መልስ መጣ፤ ደርሷል። ቲጂ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ሥራዋን ጀመረች።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ጋሽ ሰይድንና ሽማግሌዎቹን ልትወቅሱልኝ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። አንዲት ሴት ባሏ አጠገቧ ሳይኖር እንዳትሰማ ብለው ሦስት ቀን ዝም አሉ። ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ቲጂ ምናልባት ትቀየማቸው፣ ቆይታም ትረሳላቸው ነበር። እኔ ዝምታው ባዶ ሆኖ ታየኝና ሞላሁት። የሰጠኋት ይቅርታ የእኔ አልነበረም፣ ስለዚህ መልሼ መንጠቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ በሰው ስም አንድ ስንኝ ጽፌ አላውቅም። ለሠርግ የሚለምኑኝ አሉ፤ ተቀምጠህ በራስህ አፍ የምትለውን ንገረኝ፣ ፊደሉን ብቻ ልጻፍልህ እላለሁ። አብዛኞቹ ይቀየሙኛል። ሥራዬን ግን አልለቀቅኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጥ ቻልኩ። ቀላል ሆኖልኝ አይደለም፤ ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቶ መሄድ ሁለተኛ መዋሸት ስለሚሆንብኝ ነው።

አሁን በአውሮፓ ሌላ ተወካይ አለን። የዳንኤልን ሳጥን ግን ማንም አልዘጋውም። መልእክት ልልክ የተቀባዮቹን ዝርዝር ስከፍት ስሙ በተራው ይወጣል። ቲጂ አንዳንዴ፣ ሥራ ጋብ ሲል፣ ዓይኗን ከስክሪኗ ሳታነሳ ትጠይቀኛለች።

“አሁንም ይቀበላል?”

“ይቀበላል” እላታለሁ። ከዚያ በላይ አልጨምርም።